ይሄ ክረምት እንዳያልፈኝ፦ ልጆቹን የት ላውጣ፣ ለራሴ ያሰብኩትንስ እንዴት ላድርስ? (ጅማ ያላችሁ)

የሦስት ልጆች እናት፣ ሐምሌ 4

ሰላም የጅማ ልጆች እንዴት ናችሁ፣ ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል? እኔ አስተማሪ ነኝ፣ አንደኛ ደረጃ ነው ማስተምረው፣ ካርድ ሰጥተን ጨርሰናል ስለዚ እስከ መስከረም ቤት ነኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ትልቁ 12 አመቱ ነው፣ ሴቷ 8፣ ማሙሽ ደሞ 4። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው፣ በወር ሁለቴ ቤት ካደረ ትልቅ ነገር ነው፣ ስለዚ ክረምቱን ከልጆቹ ጋር የምገፋው እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ልክ በዚህ ሰሞን ለራሴ ሦስት ነገር ቃል ገብቼ ነበር። አንደኛ ልጆቹን በየሳምንቱ አንድ ቦታ ላወጣቸው፣ ሁለተኛ ጠዋት ጠዋት በእግሬ ልሄድ፣ ምክንያቱም ደም ግፊትሽ ከፍ እያለ ነው ተብያለሁ እናቴም በሱ ነው የተጎዳችው፣ ሦስተኛው ደሞ ከድሮም ልቤ ውስጥ ያለ ነው፣ ለአዲስ አመት ባዛር ላይ አንድ ጠረጴዛ ይዤ የራሴን ቡና ቆልቼ ፈጭቼ አሽጌ መሸጥ። አማቴ ጎማ ወረዳ ናት፣ ትንሽ የቡና ማሳ አላት፣ በየአመቱ ትልክልናለች፣ ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ ቡናሽ ይለያል ይለኛል።

አንዱም አልሆነም። ሐምሌ በዝናብና ልብስ በማድረቅ አለቀ፣ ነሐሴ ላይ እንግዳ መጣ፣ ቡሄ አለፈ ጾሙ ተፈታ፣ ጳጉሜ ላይ የባዛር ቦታ ልከራይ ስሄድ ሞልቷል ተባልኩ። እሺ ይሁን ብዬ ዝም አልኩ። ግን መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ልጄን ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፍሽ ጻፊ ብለዋት ደብተሯን ከፍቼ ሳየው ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው። "ዝናብ ዘነበ። ቴሌቪዥን አየን።" ከላይ ስሟን አሳምራ ጽፋ ከታች አበባ ስላበት መሀል ላይ እነዚህ ሁለት መስመሮች። እኔ ራሴ ለተማሪዎቼ ይሄንኑ ጥያቄ ነው በየአመቱ የምሰጠው፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ያቺ ገጽ ከአይኔ አልጠፋችም።

ዘንድሮ እንዲደገም አልፈልግም። የምጠይቃችሁ፣ ከቆጪ ተነስቼ በባጃጅም ሆነ በእግር ሦስቱንም ይዤ ብዙ ብር ሳላወጣ የት ላውጣቸው፣ ዝናቡንስ እንዴት ነው ምታደርጉት? ባዛር ላይ ሸጣችሁ የምታውቁ ደሞ ከምን ልጀምር፣ እኔ ቡናውን ከኮረሪማ ጋር ፈጭቼ ልሸጠው አስቤያለሁ። እና እናቶች፣ ለራሳችሁ የሚሆን ሰአት ከየት ነው ምታገኙት? ይሄንን ሦስተኛውን በእውነት ነው የምጠይቀው።


የጅሬን ልጅ፣ ሐምሌ 4

እህቴ የልጅሽ ደብተር ነገር ሆዴን አባባው። ከጅሬን ጀምሪ እኔ የምልሽ፣ ያደግኩበት ስለሆነ ብቻ አይደለም። ጅማ ተወልዶ አስራ ሁለት አመት ሞልቶት የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያልገባ ልጅ ብዙ አለ እኮ፣ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር መጥቶ የሚያየው ሰው እያለ እኛ ከታች ሆነን ኮረብታውን እናየዋለን እንጂ አንወጣም።

አካሄዱን ልንገርሽ። ጠዋት 2 ሰአት ላይ ተነሱ፣ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰአት ነው ሚጥለው። ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሽቅቡን በባጃጅ ውጡ ቁልቁለቱን በእግር ውረዱ፣ ማሙሽ ሲደክመው ታዝይዋለሽ ወይ ደሞ መሀል ላይ ባጃጅ ትይዣለሽ፣ ያንቺም የእግር ጉዞ በዛው ተሰራ ማለት ነው። ላይ ስትደርሱ ወዲያው አትግቡ፣ መጀመሪያ ዞራችሁ ከተማውን እዩ፣ ሙሉ ጅማ ከስር ተዘርግታ ነው ምትታየው፣ ልጆቹ የራሳቸውን ሰፈር ይፈልጉ። ቤተ መንግሥቱ የእንጨት ስራው ነው የሚገርመው፣ ሰገነቱን ምሰሶዎቹን ትልቁ ልጅሽ ልብ ብሎ እንዲያይ አድርጊው። ዳግማዊ አባ ጅፋር በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ነው የገዙት፣ ከሃምሳ አመት በላይ ማለት ነው፣ ከምኒልክ ጋር ተስማምተው ግብር እየከፈሉ ጅማን ከጦርነት ያተረፉ ሰው ናቸው። ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ እንደነበር ነው የሚነገረው፣ ይሄን ለልጅ ስትነግሪው በቃ ታሪኩን አይረሳውም፣ የበሩን ከፍታ በአይኑ መለካት ይጀምራል።

በሚቀጥለው ሳምንት ሙሉ ቀን የሚዘንብ ቀን ጠብቀሽ ከተማ ያለውን የጅማ ሙዚየም ውሰጃቸው። ቅደም ተከተሉን አትቀይሪው፣ መጀመሪያ ቤቱን ነው ማየት ያለባቸው ከዛ ዕቃውን፣ ምክንያቱም ሙዚየሙ ውስጥ ያሉት የሳቸው የራሳቸው መገልገያዎች ስለሆኑ ልጆቹ "ይሄ እዛ ቤት ውስጥ ነበር" ይላሉ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉትን የጅማ ወንበሮች ሲያዩ መገጣጠሚያ ወይም ምስማር ፈልጉ በያቸው፣ የለውም፣ ያኔ ነው ሚገርማቸው።

ሦስተኛው መውጫችሁ የሐሙስ ገበያ ይሁን። ሂርማታ ማለት ዛሬ ለኛ ሰፈርና ገበያ ነው እንጂ ድሮ ሲራራ ነጋዴ በበቅሎ ጨው አሞሌ ጭኖ የሚመጣበት የሐሙስ ገበያ ነበር፣ ከተማችን ራሷ በዛ ገበያ ዙሪያ ነው ያደገችው። ለያንዳንዳቸው ትንሽ ብር ስጫቸውና የፈለጉትን ራሳቸው ተከራክረው ይግዙ፣ ያንቺ ስራ ማሙሽን መያዝ ብቻ ይሁን።

በየሳምንቱ የሚለውን ግን ተዪው። በአስራ አምስት ቀን አንዴ ደህና አድርገሽ ብታወጫቸው ይበልጣል፣ በየሳምንቱ ካልሽ ሁለተኛው ሲበላሽብሽ ሁሉንም ነው ምትተዪው፣ አምናም ይሄ ነው የሆነው መሰለኝ።


ነጭ ጋውን፣ ሐምሌ 5

ሰላም እህቴ። ሰው ቦዬ ረግረግ ውሰጃቸው ሊልሽ ስለሚችል ቀድሜ ልጻፍ። ቦዬ ቆንጆ ነው፣ በአዲስ አበባ መንገድ ከተማው ጫፍ ላይ ስለሆነ ቅርብ ነው፣ ወፉ ብዙ ነው ጉማሬም አለ። ግን በክረምት ውሃው ሰፍቶ ዳርቻው አይለይም፣ ጉማሬ ደሞ ቀን ውሃ ውስጥ ተኝቶ ስለሚታይ ሰነፍ ይመስላል እንጂ በየብስ በሰአት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሮጥ እንስሳ ነው፣ ከኔም ካንቺም ይፈጥናል። አመሻሽ ላይ ለግጦሽ ይወጣል። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ ወጥቶ፣ ከፍ ካለ ቦታ ከርቀት፣ የአካባቢውን ሰው ጠይቀሽ፣ የማሙሽን እጅ ሳትለቂ። 11 ሰአት ካለፈ ከነጭራሹ አትሂዱ፣ ለጉማሬውም ለትንኙም። ወባችን የሚብሰው ዝናቡ ሲያባራ ከመስከረም እስከ ህዳር ነው ግን አጎበሩን ከአሁኑ አውጥተሽ ቀዳዳውን ስፊ።

ስለ ግፊትሽ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። በአምስት ቀን ስታካፍይው ግማሽ ግማሽ ሰአት ነው፣ እያወራሽ መሄድ እስክትችይ ግን መዝፈን እስኪያቅትሽ ድረስ ፈጠን በይ። ጨው ቀንሺ፣ መድሃኒት ታዞልሽ ከሆነ ደህና ሆንኩ ብለሽ በራስሽ እንዳታቆሚ፣ በየወሩ ተለኪ። እናትሽ ስለታመሙበት አንቺ ከሌላው ሰው በላይ ነው መጠንቀቅ ያለብሽ።


ቆይታ ባልትና፣ ሐምሌ 5

የኔ እናት ቡናውን በተመለከተ ልምዴን ላካፍልሽ፣ እኔ አራት አመት ባዛር ላይ ሸጫለሁ፣ የመጀመሪያው አመት ከስሬ ነው የወጣሁት እና አንቺ እንዳትደግሚው።

ኮረሪማውን ከቡናው ጋር አትፍጪው። ጅማ እኮ ነው ያለነው፣ ሰው ቡና ያውቃል፣ ከውስጡ ሌላ ነገር የሸተተው እንደሆነ መጥፎ ቡና ልትሸፍን ነው ይልሻል። ንጹህ ቡናውን ለብቻ፣ ኮረሪማውን ደሞ በትንሽ ላስቲክ ለብቻ አርገሽ ጎን ለጎን አስቀምጪው፣ የፈለገ ሁለቱንም ይወስዳል። የጅማ ሰው ጥሬ ቡና ቤቱ አለ፣ ማን ይገዛኛል ብለሽ እንዳትፈሪ፣ ገዢሽ ሰአት የሌላት ሰራተኛ ናት፣ ሌላው ደሞ ለበዓል አዲስ አበባ ለዘመድ ይዞ የሚሄድ ሰው ነው፣ ስለዚህ መያዣው ስጦታ መምሰል አለበት።

ሒሳቡን አሁኑኑ ስሪ። ቡና ሲቆላ ውሃው ስለሚተን ከክብደቱ ከመቶ 15 እስከ 20 ይቀንሳል። አስር ኪሎ ጥሬ ስምንት ወይ ስምንት ተኩል ኪሎ ነው ሚሆንልሽ፣ በ250 ግራም ስታሽጊው ከ32 እስከ 34 እሽግ። እኔ ያኔ አስር ኪሎ ቡና 40 እሽግ ይወጣዋል ብዬ ነበር ዋጋ ያወጣሁት፣ ከሰል የላስቲክ የወፍጮ ሲጨመር ትርፉ የት ገባ አልኩ፣ ለካ ትርፉ ብረት ምጣዱ ላይ ነው ተኖ የሄደው። እና ከመቁላትሽ በፊት ልቀሚው፣ አንድ የተነቀዘ ወይ ጥቁር ፍሬ ሙሉውን እሽግ ያበላሸዋል።

ሌላው ቆልተሽ ወዲያው አታሽጊ። ትኩስ የተቆላ ቡና ለቀናት ጋዝ ያወጣል፣ ጥብቅ አርገሽ ካሸግሽው ላስቲኩ እንደ ፊኛ ይነፋና ይፈነዳብሻል። ቆልተሽ፣ አቀዝቅዘሽ፣ ከድነሽ ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን አሳድሪው፣ ከዛ ፈጭተሽም ቢሆን ጥቂት ሰአት አናፍሺው ከዛ እሸጊ። በጣም ቀድመሽም አትቁዪ፣ ባዛሩ ሊከፈት አራት አምስት ቀን ሲቀረው ይበቃል፣ ሽታው ነው ሚሸጠው።

በርበሬና ሽሮ ልጨምር እንዳትዪ። በዚህ ዝናብ ምን ላይ ታሰጪዋለሽ፣ ሻጋታ ይይዘዋል ስምሽም አብሮ ይሄዳል። ቡና ብቻ። ሸራ ያዢ፣ ዕቃሽን መሬት ላይ አታስቀምጪ፣ ዋጋውን ጽፈሽ ለጥፊ ምክንያቱም ሰው ለመጠየቅ ያፍራል፣ ዝርዝር ብር ከባንክ አስቀድመሽ ያዢ። ቦታውን ደሞ ጳጉሜ ላይ ሳይሆን በዚሁ በሐምሌ ሂጂና ጠይቂ። ብቻሽን ከከበደሽ ከሌላ ሴት ጋር ጠረጴዛ ተካፈሉ።


የመርካቶዋ እናት፣ ሐምሌ 6

አሰላሙ አለይኩም እህቴ። ሦስተኛውን ጥያቄሽን ሁሉም አለፈው እኔ ልመልስልሽ። እኔ አራት ልጅ አለኝ፣ ሱቅም እቆማለሁ፣ ሰአት ከየት ነው ምታገኙት ላልሽው፣ አይገኝም፣ ከሰው ጋር ትቀያየሪዋለሽ እንጂ። ጎረቤቴ ኦርቶዶክስ ናት እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ማክሰኞ ልጆቼ እሷ ጋ ናቸው ቅዳሜ የሷ ልጆች እኔ ጋ፣ ከምሳ እስከ አስር ሰአት። በጾሟ ቀን የጾም ነው ምሰራላቸው፣ እሷም የኔዎቹን ሃላል ያልሆነ አታቀርብላቸውም፣ አምስት አመት እንዲህ ኖረናል። ያቺ ማክሰኞ ከሰአት የኔ ናት። መጀመሪያ ላይ ቤት አጸዳባት ነበር፣ ልብስ አጥብባት ነበር፣ በኋላ እህቴ ተቆጣችኝ፣ ሰአት ተሰጥቶሽ ደግሞ ለምድጃ ትሰጪዋለሽ አለችኝ፣ ከዛ ወዲህ በቁቤ ኦሮምኛ መጻፍና ማንበብ ተማርኩባት። አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው ግን ጽፌው አላውቅም ነበር። አሁን የልጆቼን የቤት ስራ እኔ ነኝ ማያው።

ጠዋት እኔ ከሱብሂ ሰላት በኋላ ወጥቼ እሄዳለሁ፣ ልጆቹ ሳይነሱ። አንቺም 12 ሰአት ላይ ከወጣሽ ማሙሽ ሳይነቃ ትመለሻለሽ፣ ትልቁ 12 አመቱ አይደል፣ ግማሽ ሰአት ተኝተው መጠበቅ ይችላል። ብቻሽን ጨለማ ላይ እንዳትወጪ፣ የምትሄጂበትን ለሰው ንገሪ። እና እባክሽ ልጆቹ ሲያድጉ አትበይ። የኔ እናት እንደዛ ስትል ነው ጉልበቷ ያለቀው።


የሦስት ልጆች እናት፣ ሐምሌ 6

ገለቶማ፣ በጣም ነው ማመሰግናችሁ። የመርካቶዋ እናት ያንቺን ሁለቴ አነበብኩት። ጎረቤቴን ዛሬውኑ አናግራታለሁ። ባዛሩንም ሰኞ ሄጄ እጠይቃለሁ፣ ኮረሪማውን ለብቻ ይሁን ያልሽኝንም ተቀብያለሁ። ክረምቱ ሲያልቅ ተመልሼ እጽፋለሁ።


የሦስት ልጆች እናት፣ ጳጉሜን 4

እጽፋለሁ ብዬ ነበር እና መጣሁ። ባዛሩ ላይ ነው ያለሁት፣ አሁን ሰው ቀዝቀዝ ስላለ ነው።

አራት ቦታ ሄድን። ጅሬን፣ ሙዚየም፣ ሐሙስ ገበያ፣ እና አማቴ ጋ ጎማ ሁለት ቀን አደርን። ቦዬን ተውኩት፣ ሁለቴ አስበን ሁለቴም ጠዋቱን ዘነበ፣ ለጥቅምት ብያቸዋለሁ። ጅሬን ላይ ማሙሽ በር በሩ ስር እየቆመ እጁን ወደ ላይ እየዘረጋ "አባ ጅፋር እዚህ ጋ ነው ጭንቅላቱ?" ሲል ነው የዋለው። ትልቁ ልጄ ግን ያልጠበቅኩት ነገር፣ አውርቶ የማያውቅ ልጅ ቁልቁለቱን ስንወርድ ከጎኔ ሆኖ ሙሉ መንገድ አወራኝ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ጓደኛው፣ አባቱ እንደሚናፍቀው። ቤት ውስጥ ቢሆን አይነግረኝም ነበር፣ ፊት ለፊት ስላልተያየን ይመስለኛል።

አማቴ ጋ ቡናው ገና አረንጓዴ ነው፣ እሳቸው ቅርንጫፉን ዝቅ አርገው ለልጄ ፍሬውን አስቆጠሯት። ጮጬ የምትባለው መንደር ቅርብ ስለሆነች ቡና ከዛ ነው የተገኘው የሚባለውን ሲያወሩላት አመሹ፣ ፍየሎቹ በልተው የዘለሉትን። ቀይ ሲሆን በህዳር ነይ ልቀሚ ብለዋታል፣ ቃል አስገብታቸዋለች። ማታ ቡና ቀላ ሰሩልን፣ ቡናውን ከነገለፈቱ በቅቤ ጠብሰው፣ ልጆቹ መጀመሪያ ፊታቸውን አጨማደዱ በኋላ ቅቤውን በእንጀራ ጠርገው ጨረሱት።

ጠዋት መሄዱ ሐምሌን ሙሉ ጥሩ ነበር፣ ነሐሴ ላይ ጉንፋን ይዞኝ አስር ቀን አቋረጥኩ፣ አምና ቢሆን እዛው ላይ ነበር የሚቀረው። ጎረቤቴ መጥታ በር አንኳኳች፣ እሷም መሄድ ጀምራለች። ባለፈው ሳምንት ተለካሁ፣ ወርዷል፣ ገና ብዙ ይቀረዋል ግን ወርዷል።

ቡናው። ከ12 ኪሎ ጥሬ ለቅሜ ቆልቼ 39 እሽግ ወጣ፣ ሒሳቡ ልክ እንዳልሽኝ ነው ቆይታ ባልትና ፈጣሪ ይስጥልኝ። እሽጎቹ ላይ ስሙን የጻፈችው ልጄ ናት፣ በእጇ፣ በቡኒ እስኪርቢቶ፣ 39ኙንም። ትናንት ጠዋት ሸራው አንድ በኩል ተንጠባጥቦ ስድስቱ ላይ ጽሑፉ ፈሰሰ፣ እኔ ደንግጬ ላስቲኩን ስጠርግ እሷ ቁጭ ብላ እንደገና ጻፈችው። ትልቁ ለገዢ የብር መልስ ይመልሳል፣ ከኔ ይፈጥናል። እስካሁን 31 ሸጠናል፣ ከዛ ውስጥ አንዷ ሴትዮ ትናንት አንድ ወስዳ ዛሬ ሦስት ልትጨምር ተመልሳ መጣች፣ ስሟን ጠየቅኳት ስልኳንም ሰጠችኝ፣ በየወሩ አምጪልኝ ብላኛለች።

ባለቤቴ ማታ ይገባል ለበዓል። ማሙሽ ነገ ጠዋት አብሬሽ ካልሄድኩ ብሎ አልቅሷል፣ ከዚሁ ከባዛሩ ትንሽ ቡትስ ገዝቼለታለሁ፣ ስምንቷን እሽግ ከሸጥን ማታ አብረን እንገባለን።